በአጥር ውስጥ የቀረ መርዶ

ቻይና ኖሬ መመለሴን የሰማ የጂንካ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "እውነት ውሻ ይበላሉ?" ፀጉር ቆራጩ ይጠይቃል፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ይጠይቃል፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሰውም ሻዩን እያማሰለ ይጠይቃል። መጀመሪያ መጀመሪያ ቁጭ ብዬ አስረዳ ነበር። አሁን "ይበላሉ" እላለሁ፤ "ውሻም ይበላሉ፣ ጅብም ይበላሉ፣ ነገር የሚያበዛ ሰውም ይበላሉ።" ይስቁና ይተዉኛል። እኔ ግን አልስቅም፤ ያን ሁሉ ዓመት የሰው አገር ኖሮ ለመጣ ሰው የሚቀርብ ጥያቄ ይህ ብቻ መሆኑ ያበሽቀኛል።

ከመሄዳችን በፊት የተሰጠን ገለጻም ከዚህ አይሻልም ነበር። ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኘነውን አዲስ አበባ አንድ አዳራሽ ሰብስበው የቻይናን ባህል አስተማሩን። መብያ እንጨቱን ሩዝ ላይ አትሰኩ፣ የሙት ነው። ሰዓት በስጦታ አትስጡ፣ ሞት መመኘት ነው። ዕቃ ሲሰጧችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉ። ይህን የመጨረሻውን ሰው ሁሉ በደብተሩ ሲገለብጥ እኔ ሳቄ መጣ። በሁለት እጅ መቀበልን እናቴ በጥፊ ነው ያስተማረችኝ። ለዚያ ቻይና መሄድ አያስፈልግም ነበር።

ዋናውን ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ማንም አልነገረንም። የነገረኝ እዚያው ቻይና የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የነበረ ልጅ ነው። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በሚዘጋጅበት ዓመት አያቱ ሞቱ። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ቤተሰቡ ተማክሮ፣ ቀብሮ፣ አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ ጨረሰና ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ ለእሱ ትንፍሽ ሳይል ቀረ።

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያ ነገሩኝ። አመሰገንኳቸው።"

"አመሰገንካቸው?"

"ብዙ ደክመውልኛል እኮ" አለ ረጋ ብሎ። ደስ የሚያሰኘው ይነገራል፣ የሚያስጨንቀው ይዋጣል፤ ሩቅ ላለ ልጅም ሩቅ ላለ ወላጅም ደንቡ ይኸው ነው አለኝ። ተራ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ነው የሚናገረው።

ተናደድኩበት። እኛም መርዶ እንደብቃለን አልኩት። እኛ ግን የምንደብቀው ለአንድ ሌሊት ነው። ሰው እስኪሰበሰብ፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ እስኪገኝ ነው የምንደብቀው። በማለዳ ሄደን፣ በሩን አንኳኩተን፣ ከበን እንነግረዋለን። እናንተ የምትደብቁት ሥራ እንዳይፈታ ነው፤ የእኛና የእናንተ ልዩነት ይኸው ነው አልኩት። አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት። እሱም "ጥሩ ባህል ነው" አለና ወደ መጽሐፉ ተመለሰ።

ይህን ስናገር አባቴ ከሞተ ወራት አልፈውት ነበር።

እሑድ እሑድ ጂንካ እደውላለሁ። አባቴ ድሮም የስልክ ሰው አይደለም፤ ከሰላምታ አያልፍም። እናቴ "ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም" ትለኛለች። ሌላ ጊዜ "ካኮ ገበያ ሄዷል" ትለኛለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ "የሰው ጉዳይ ይዞት ወይጦ ወርዷል፤ ሰላም በይልኝ ብሏል" ትለኛለች። የሰፈሩ ሽማግሌ ስለነበረ የሰው ጉዳይ አያጣውም፤ አመንኩ። ኔትወርኩም ይቆራረጥ ነበር። አሁን ሳስበው ሲቆራረጥ ደስ ይላት የነበረ ይመስለኛል።

ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ጂንካ መናኸሪያ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ነጂው የሰፈራችን ጎልማሳ ነው፤ ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ ጫነልኝ። መንገዱን ሙሉ ያወራሁለት ስለ አባቴ ነው። ለጉልበቱ ቁርጥማት የሚለጠፍ የቻይና መድኃኒት አምጥቼለት ነበር። ማታ ማታ ለጥፎ ሲተኛ ሙቀቱ አጥንት ድረስ እንደሚገባ አስረዳሁት። "ጎሽ፣ ደስ ይለዋል" አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። ይህ ሰው የአባቴን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ዛሬም በሱ ባጃጅ አልሳፈርም፤ በዝናብ እሄዳለሁ እንጂ።

እናቴ በር ላይ ስማ አስገባችኝ። ከል ልብሷን ለዚያች ምሽት ብላ አውልቃው ነበር። "አባዬ የታለ?" ስል "ነገ ይመጣል" አሉኝ፤ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ስለ ቻይና አወራሁ፣ ሳቅሁ። ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ግቢውን ሞልተውት ነቃሁ።

ስለዚያ ጠዋት ብዙ መናገር አልፈልግም። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ለእነሱ ሐዘኑ የከረመ ነበር፤ ለእኔ ትኩስ። እነሱ ተዝካሩን አውጥተው፣ ድንኳኑን መልሰው፣ ወደ ሥራቸው ገብተው የከረሙ ሰዎች ናቸው፤ ያለቀሱት ለእኔ ብለው ነው። ሊያጽናናኝ አጠገቤ የሚቀመጠው ሁሉ ደግሞ "ትምህርትህ እንዳይቋረጥ ብለን ነው" ይለኛል። የእድሩ ዳኛ እንዲህ አለኝ። ቄሱም እንዲህ አሉኝ። በቻይንኛ ሰምቼ የተናደድኩበትን ነገር ቃል በቃል በአማርኛ ሰማሁት፣ ያውም በገዛ ቤቴ።

እናቴን ያን ጊዜ አልጠየቅኋትም። ይቅርም አላልኳት። ጉልበቷን ስሜ እገባለሁ፣ ያቀረበችውን እበላለሁ፣ ቂሜን እንደያዝኩ እወጣለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ የያዝኩት ይህን ነው።

ከዚያ በኋላ ቋንቋው እንጀራዬ ሆነ። ወይጦ አካባቢ መንገድ የሚሠራ አንድ የቻይና ድርጅት አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ። ወይጦ ሙቀቱ ብቻውን ሰውን ለጠብ ይጋብዛል። ካምፑ በቆርቆሮ አጥር የተከበበ ነው፤ ውስጡ በመስመር የተደረደሩ ኮንቴይነሮች አሉ፣ ቻይናውያኑ የሚኖሩት በነሱ ነው። ከአጥሩ ውጭ የፀማይ ሰዎች ፍየላቸውን እየነዱ ያልፋሉ፣ ሕፃናት ማንጎ ይሸጣሉ፣ የጭነት መኪና አቧራውን ያቦናል። እኔ ቀኑን ሙሉ በሁለት ዓይነት ንዴት መካከል እቆማለሁ። ቻይናው "ለምን ቀረ?" ብሎ ይጮሃል፣ ሠራተኛው "ለቅሶ ነበረብኝ" ይላል፤ ቻይናው "ባለፈው ሳምንትም ለቅሶ ነበር" ይላል፣ ሠራተኛው "ሰው እንዳይሞት ልከልክል?" ይላል። ይህን ሁሉ በትሕትና መተርጎም የእኔ ሥራ ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ መካኒኩ ነበር። አጭር፣ ጠንካራ፣ ኮስታራ ሰው ነው። አማርኛ የሚያውቀው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ "ቶሎ" እና "የለም"። በእነዚህ ሁለት ቃላት ሙሉ ቀን ሰው ሊሰድብ ይችላል። መፍቻ አሳስቶ ያቀበለውን ረዳት እጁን መትቶ ያስጥለዋል። እኔን "አፍህ ፈጣን ነው፣ እጅህ ግን ከሬሳ አይሻልም" ብሎኛል። ወዳጄ እንዳልነበረ ለማለት ነው ይህን የምጽፈው።

አንድ ቀን መካኒኩ የቆመ ግሬደር ሊጠግን መስመር ወጥቶ ሳለ ማናጀሩ ሌሎቹን ቻይናውያን ቢሮው ሰበሰበ። እኔ ስለ ሲሚንቶ ማራገፊያ ልጠይቅ ገብቼ ነበር፤ ውጣ ያለኝ የለም።

"የመካኒኩ አባት አርፏል" አለ ማናጀሩ። "እናቱ እንዳይነገረው ለምናናለች። ለቀብሩ እንደሆነ አይደርስም። አስፋልት ማምረቻውንም ከሱ በቀር የሚጠግነው የለም። ለዘመን መለወጫችን አገሩ ሲገባ ቤተሰቡ ይነግረዋል። እስከዚያ ወሬው ከዚህ አጥር አይወጣም።"

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ አገራችን ኖረሃል" አለኝ። "ባህላችን ይገባሃል።"

ደሜ ፈላ። ይገባኛል እንጂ። ባይገባኝ ኖሮ እንደዚያ ባልተቃጠልኩ። የአንዲትን አሮጊት ልመናና የአስፋልት ማምረቻውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ሲቀላቅለው ሰማሁ፤ ባህል የሚባለው ነገር ለአለቃ ሲመች እንዴት እንደሚከበር ታዘብኩ። የሠራተኛው ለቅሶ ሲሆን የሥራ መፍቻ ሰበብ የሚለው ይኸው ሰው ነው። ነገር ግን ያልኩት "እሺ" ነው። እሺ አልኩና ስለ ሲሚንቶው ጠየቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ያ ካምፕ ሲኦል ሆነብኝ። መርዶ ያልተነገረው ሰው ሲበላ ማየት ያማል፤ ሲስቅ ማየት ይብሳል። እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ መካኒኩ ስልኩን ሳህኑ አጠገብ አቁሞ፣ ድምፁን ከፍቶ እናቱን ያነጋግራል። ሌላው ሁሉ ይሰማል።

"አባቴስ?" ይላል።

"ወጥቷል" ትላለች አሮጊቷ። "ከጓደኞቹ ጋር ዳማ ሊጫወት።"

"እንደገና?"

"ሱስ ሆኖበታል። ምሳውን እንኳን ረስቶታል።"

ይስቃሉ። የአገሩ ልጆች ጎድጓዳ ሳህናቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሩዛቸውን ይጠርጋሉ፤ አንድም ቀና የሚል የለም። ማናጀሩ ሾርባውን ድምፅ እያሰማ ይጠጣል። ያን ድምፅ በቻይና አገር ዓመታት ሙሉ ለምጄው ነበር፤ ወይጦ ላይ እንደገና ያስጠላኝ ጀመር።

አንድ ማክሰኞ መካኒኩ ጂንካ ገበያ አብሬው እንድወጣ ጠየቀኝ። ማር መግዛት ይፈልጋል። "ለአባቴ" አለኝ መኪና ውስጥ። "ደረቱን ያስለዋል።" የገበያው ጭቃ ውስጥ ገብተን ማር ሻጮቹ ዘንድ ደረስን። አንዲት የአሪ ሴት ፊት ቁጢጥ አለ። በጣቱ ቀመሰ፣ የሌላኛዋን ቀመሰ፣ ወደ መጀመሪያዋ ተመለሰ። እንዲህ ተጠንቅቆ ዕቃ ሲመርጥ ከብረት በቀር አይቼው አላውቅም።

"ለማን ነው ይሄ ሁሉ ቅመስ ቅመስ?" አለችኝ ሴትዮዋ እየሳቀች።

"ለአባቱ ነው" አልኳት።

ሳቋን ተወች። ዕቃውን በሁለት እጇ አንስታ ሰጠችው። "አባት አለው? እግዚአብሔር እድሜ ይስጥለት። ይኑርለት በለው።"

"ምን አለች?" አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር፤ ጥሩ ማር ነው ትላለች ብል ማን ያውቅብኛል። ምላሴ ግን መተርጎም ለምዷል። "ለአባትህ እድሜ ይስጥልህ ትላለች" አልኩት።

"አመሰግናለሁ በላት" አለ። ፊቱ አልተለወጠም።

ያን ጊዜ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስለ ጉልበት መድኃኒት ስለፈልፍ የነበርኩት ሰው ፊቴ ድቅን አለብኝ። አሁን የባጃጁ ነጂ እኔ ነኝ። ይህን መሸከም አልቻልኩም። ከሥራዬ ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ አልኩ፤ ይህ ሰው ሐዘኑን ሊያውቅና ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ወራት አሳልፎ በከረመ ለቅሶ ላይ ብቻውን ትኩስ ሐዘንተኛ ሆኖ መገኘት የለበትም።

ካምፕ እንደተመለስን ካቦውን ፈለግሁት። ካቦው የቀን ሠራተኞቹ አለቃ ነው፤ ከወላይታ የመጣ፣ ሰው ሲሞትም ሲወለድም ጸሎት የሚመራ ጴንጤ። ነገርኩት።

"መቼ ነው የሞተበት?" አለኝ።

"ወር አልፎታል።"

"ወር? ታዲያ ዝም ብላችሁት?"

"ማናጀሩ ዝም በሉ ብሎ ነው።"

"ማናጀሩ ወንድሙ ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ በሰው ሐዘን ምን አገባው" አለ ካቦው። "ያ ሰው ክፉ ነው ወንድሜ። እኔን ራሴን በዘይት ጨርቅ ወርውሮ መቶኛል። ቢሆንም ጠዋት እንቀመጥለታለን።"

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጄኔሬተሩም ሳይነሳ መጡ። የወላይታ ልጆች መጡ፣ አሪዎቹ መጡ፣ ኮንሶዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ዘበኛው የፀማይ ሽማግሌ በየሄደበት የሚይዛትን ትንሽ በርጩማ ይዞ መጥቶ ከሁሉ ፊት ተቀመጠ። የካምፑ ምግብ አብሳይ ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ቆመች። ሁሉም በመካኒኩ ኮንቴይነር ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። በኛ ደንብ ይህን የሚናገር በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ እዚያ ግን ቋንቋው ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነበር።

መካኒኩ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ አድርጎ፣ ኩባያውን ይዞ ወጣ። አያቸው። በቆመበት ደርቆ ቀረ።

"አድማ ነው?" አለኝ። "ደመወዝ ከሆነ እኔን አይመለከተኝም በላቸው። ቢሮው ወዲያ ነው።"

"አድማ አይደለም። አባትህ..."

"ዝም በል።"

በዚያ ድምፅ አናግሮኝ አያውቅም። ጮክ አላለም። ኩባያውን ደረጃው ላይ አስቀመጠ፣ አፉን በእጁ ጠረገ፣ ወደ ማናጀሩ ኮንቴይነር ተመለከተ። በሩ ዝግ ነበር።

"ማን ላካችሁ?"

"ማንም አልላከንም። በኛ ዘንድ ሰው ሲሞትበት..."

"አውቃለሁ" አለኝ።

የኛን ባህል ማለቱ መስሎኝ ነበር። አይደለም።

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኩት።

"ከሁለት እሑድ በኋላ። አባቴ ስልክ ላይ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። 'በላህ?' ይለኛል፣ ከዚያ ስልኩን ለእናቴ ይመልሳል። አንድ እሑድ ሳይጠይቀኝ ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"እናቴ ደብቄዋለሁ ብላ ነው የምትውለው የምታድረው። ሥራ ሆኗታል። ያን ካስጣልኳት ምን ይቀራታል? ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ናት።"

"ማሩስ?"

"ለመቃብሩ ነው። ማር ይወድ ነበር።"

ተናደድኩ፤ ከበፊቱ ይልቅ ተናደድኩ። ይህ ሁሉ ሰው እንቅልፉን ትቶ መጥቷል፣ እኔ እንጀራዬን ለአደጋ አጋልጫለሁ፤ ለካ የምንቀሰቅሰው አውቆ የተኛ ሰው ኖሯል። እናቱ ታታልለዋለች፣ እሱ ያታልላታል፣ ማናጀሩ እሱን ያታለለ ይመስለዋል፤ በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ሰው አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣም። ይህን ፊቱ ላይ ተናገርኩት።

"ማወቄን ማናጀሩ ከሰማ ለእናቴ ይደርሳል" አለኝ፣ የተናገርኩትን እንዳልሰማ ሆኖ። "አስነሳቸው።"

አስቀድሞ ማወቁንም፣ ማናጀሩ መስማት እንደሌለበትም ለካቦው ነገርኩት። ካቦው መካኒኩን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም" አለ። "ይሁን። እኛ ግን ከተቀመጥን በኋላ ሳናጽናና አንነሳም። ነውር ነው። ጥቂት ይቀመጥ በለው።"

መካኒኩ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ያረጀ የመኪና ጎማ ጎትቶ ከዘበኛው አጠገብ ተቀመጠ። ዘበኛው አላየውም፤ የዘበኛ ዱላውን ወደ ጎን አድርጎ ቦታ ለቀቀለት። አብሳይዋ ብቻ በአፍንጫዋ ሳብ ሳብ ታደርጋለች።

የማናጀሩ በር ሲከፈት መካኒኩ ከጎማው ላይ ዘሎ ተነሳና መጮህ ጀመረ። ትልቁን መፍቻ ማን ወሰደው እያለ ነው የሚጮኸው። ሌቦች ናችሁ ይላል፣ ካልመጣ አንዳችሁም አትሠሩም ይላል፣ ግንባሩ ላይ ሥሩ ተገትሯል። ማናጀሩ ካናቴራ ብቻ ለብሶ ደረጃው ላይ ቆመ። እኔ "ትልቁን መፍቻ ማን ወሰደው እያለ ነው" ብዬ ተረጎምኩላቸው።

ካቦው ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ። እንደሚከራከር ሰው እጁን ዘርግቶ፣ ቆጣ ብሎ፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለው በአማርኛ። "የባሰ አያምጣብህ።"

ማናጀሩ አማርኛ አያውቅም፤ ቻይንኛውን ግን ይሰማልና እኔ "አላየሁም ይላል" አልኩ።

"ውሸት ነው" አለ መካኒኩ እየጮኸ።

አንዱ ኮንሶ ተነሳ። "እናትህን ያቆይልህ" አለው። እኔ "እሱም አላየሁም ይላል" አልኩ። የአሪው ልጅ "ነፍሱን ይማርልህ" አለ፤ "ትናንት እዚህ አልነበርኩም ይላል" ብዬ ተረጎምኩ። በየተራ እየተነሱ እጃቸውን እያወራጩ አጽናኑት፣ እሱም እየጮኸ መለሰላቸው። በመጨረሻ ሲጮህ ድምፁ ተሰነጠቀ። የምሠራውን ሥራ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ጠልቼው አላውቅም።

ማናጀሩ ወደ ጎን ጠራኝ። "ምን ሆነው ነው?"

"መፍቻ ጠፍቶ ነው" አልኩት።

"በዚህ ማለዳ ሁሉም ተሰብስበው?"

"በኛ ባህል ዕቃ ሲጠፋ ሁሉም ተቀምጦ ይጠየቃል" አልኩት። እውነትም እንዲህ ያለ ልማድ በየአገሩ አይጠፋም። ማናጀሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ጥሩ ባህል ነው አለኝ።

ካምፑ በሙሉ ሆድ ይፍጀው አለ። ቃል ያፈተለከበት አንድም የለም። የተደበቀ ነገር ላፈርስ የተነሳሁት ሰው ሌላ የሚደበቅ ነገር በላዩ ጨምሬበት አረፍኩ። መካኒኩም እንደ ወትሮው ሆነ፤ "ቶሎ" ይለኛል፣ "የለም" ይለኛል። ምስጋና የለ፣ ወቀሳ የለ።

እሑድ ደረሰ። ምሳ ላይ ስልኩን ሳህኑ አጠገብ አቆመው።

"አባቴስ?"

"ወጥቷል። ዳማ ሊጫወት።"

"ያሸንፋል ግን?"

አሮጊቷ ጥቂት ዘገየች። "የት ያሸንፋል" አለች። "ተሸንፎ ይመጣና እኔ ላይ ይነጫነጫል።"

"እንዳይበርደው ደርቦ ይውጣ በይው" አላት።

ሳህኔን ትቼ ተነሳሁ። አስፋልቱ ላይ ወጥቼ ጂንካ የሚወጣ ሚኒባስ አስቆምኩ። ያን ያህል ዓመት ያልጠየቅኋትን ልጠይቃት፣ ካስፈለገም ልጮህባት ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እያሰብኩ ነበር።

እናቴ በረንዳው ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። የመምጫዬ ቀን አልነበረምና ደነገጠች።

"ምን ሆንክ ልጄ? ተጣላህ?"

"አልተጣላሁም።" አልተቀመጥኩም። "እማዬ፣ አባዬን ያን ሁሉ ጊዜ የደበቅሽኝ ለምንድን ነው? ለትምህርትህ እንዳትይኝ።"

ቅጠሉን በጣቷ እንደያዘች ቀረች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ ወይም ታለቅሳለች። ሁለቱንም አላደረገችም።

"ለትምህርትህ ያለው እድሩ ነው" አለች። "እኔም እሺ አልኩ።"

"አንቺስ ለራስሽ?"

"እኔማ" አለች። ጎመኑን መቀንጠስ ቀጠለች። "ጎረቤቱ ሁሉ ቀብሮት ገብቷል። የሚመጣው ሁሉ ነፍሱን ይማር ይለኛል። አባቴስ እያልክ እንደ ደህና ሰው የምትጠይቀኝ አንተ ብቻ ነበርክ። ወጥቷል ስልህ ለራሴም እውነት ይመስለኝ ነበር።"

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ትመጣለህ የተባለ ለታ ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው" አለች። "እኔ ግን ፈራሁ።"

"ምን ፈራሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ።

"ሻንጣህን ይዘህ በሩ ላይ ስትቆም ነው እኮ የሞተብኝ" አለች።